ከዝርዝሩ የጎደለው አንደኛ

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሀብቴ ከእድሩ ዝርዝር ጎደለ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም የእድሩ ሰው ሁሉ እሱን ማየት አቆመ። ጥፋቱ የራሱ ነበር።

የአባላቱ ስም ለዓመታት የኖረው ጥግ ጥጉን አይጥ በቀመሰው መዝገብ ላይ ነው። ሀብቴ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ ይህን ያልተነገረው ሰው በሰፈሩ የለም። «ለኔ ተዉት፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» ብሎ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም አባላት ዳታቤዝ ውስጥ አስገባ። የቀረው ዳታቤዙን ስማቸውን በፊደል ተራ ጠይቆ መልሱን ወደ ዝርዝር መለወጥ ብቻ ነበር።

የዳታቤዝ መልስ እንደ ቦኖ ውሃ ነው፤ አንዴ የተቀዳው ወደ ቧንቧው አይመለስም። ሀብቴ ይህን ለስንቱ ጀማሪ አስተምሯል። ያን ዕለት ግን ዝርዝሩን ከመሥራቱ በፊት፣ መልሱ መምጣቱን ለመሞከር አንድ ስም ብቻ አወጣ። የወጣው የራሱ ነበር፤ በእድሩ ውስጥ በፊደል የሚቀድመው የለም። ስሙን ስክሪኑ ላይ ብቻውን ሲያየው ደስ አለውና ትንሽ ቆይቶ አየው። ከዚያ የተረፈውን ወደ ዝርዝር ለወጠና አተመ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስም ነበር። አልቆጠረውም፤ ሥራውን መቁጠር የጀማሪ ነገር ይመስለው ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ወንድይራድ ማኅተማቸውን መትተው፣ «ለመሆኑ ይሄን ማን አመጣው?» አሉ። ሀብቴ ፊታቸው ቆሟል።

ዳታቤዙን እንደገና ቢጠይቀው አንድም ስም አልሰጠውም፤ ሁሉም ተቀድቷል። ስሙን በእጁ ሊጨምር ቢሞክር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ቀለም አልቀበልም አለ።

እሱን የምታየው እናቱ ብቻ ነበረች። የእድሩ አባል እሱ እንጂ እሷ አይደለችም። ከታመመችና አልጋ ከያዘች ሁለት ወሯ ነው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችው።

«ከእድሩ ዝርዝር ወጣሁ።»

«ማን አወጣህ?»

«እኔ።»

«አንተማ ድሮም ጎበዝ ነበርክ» አለችው። ቀጥላም፣ «እንግዲህ እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» አለች። ስሙ ዝርዝሩ ላይ በሌለ ሰው ደጃፍ የእድሩ ድንኳን አይተከልም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሰው ሳይመጣ ቀድሞ ገባና፣ ቦኖ ላይ ተራ እንደሚያዘው፣ የፊተኛው ወንበር ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጠ። ድንጋይ ካለ ሰው አለ፤ ይህን ማንም አይክድም። ጋሽ ወንድይራድ ስም ሊጠሩ ሲነሡ ድንጋዩን አዩት።

«ይሄ የማን ተራ ነው?»

«የሀብቴ። አለሁ» አለ ድንጋዩ።

«ባለፈው የት ነበርክ?»

«እናቴ ታማብኝ ነው።»

«እግዜር ይማርልህ» ብለው ከሁሉ በላይ ጻፉት። ወረቀቱም ቀለሙን ተቀበለ። ሀብቴ ነገሩ የተፈታ መሰለውና እፎይ አለ። የድንጋዩ ድምፅ የሱው ነበር፤ ጭራሽ ከሱ ይልቅ ረጋ ያለ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እናቱ አረፈች። ሀብቴ ማንንም ሳይጠራ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንዱም መጡ። የጎደለ ነገር አልነበረም። ድንጋዩን ጋቢ አልብሰው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ሬሳውን አስከተሉት። ሀብቴ ከኋላ ከኋላ ሄደ። እሱን ታይ የነበረችው አንዲት ሰው ከፊት ሳጥኑ ውስጥ ነበረች።

ከቀብር መልስ ድንጋዩን ድንኳኑ ውስጥ የሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ አስቀመጡት።

«እህል ቅመስ እንጂ፣ ሰውነትህን አትጉዳ» አሉት ጋሽ ወንድይራድ።

«አልወርድ አለኝ» አለ ድንጋዩ።

ሀብቴ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ፣ አንድ ሰው እንኳ እጁን ይዞ «እግዜር ያጥናህ» እንዲለው ጠበቀ። ማንም አላለውም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋሽ ወንድይራድ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ሀብቴ ቤት አስገቡት፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት።

ሀብቴ ወደ ድንኳኑ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ፍራሹን ዳሰሰ። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ በእንባ ርሷል። ቀጥሎ የራሱን ጉንጭ ዳሰሰ። ደረቅ ነበር፤ ቀዝቃዛና ሸካራ።