ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር

መምህርት ሰገነት ስምንተኛ «ሐ» ክፍል ገብታ «ከዛሬ ጀምሮ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብተር ማርክ የለውም» ስትል፣ ልጆቹ «አበደች እንዴ?» በሚል ዓይን ተያዩ። አይፈረድባቸውም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስርዝ ድልዝ ማርክ ሲያስቀንሳቸው፣ መዳፋቸውን በማስመሪያ ሲያስገርፋቸው ነው የኖረው። እሷ ግን ኮሌጅ ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ ጽፈው የሰጧትን ረቂቅ ይዛ መጥታለች። ወፍጮ ቤት የምትሠራ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው፤ ያልታተመ ልብ ወለድ፣ ከዳር እስከ ዳር በግጥም የተጻፈ።

«እዩት፤ እዚህ ገጽ ላይ ሃያ መስመር ነበር። አሥራ አራቱን ሰርዘው ስድስቱን አስቀሩ። ለምን ይመስላችኋል?»

«ደክሟቸው ነዋ!» አለ ጉተማ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

መጀመሪያ ሃያውን አነበበችላቸው፤ አዛጉ። ቀጥላ ስድስቱን ብቻ አነበበች፤ ጉተማ እንኳ ዝም አለ። ከዚያ ሕጉን ነገረቻቸው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ግጥም ይጽፋል፣ በየሳምንቱም ያሻሽለዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ «አይተኸው ነው ወይስ ሲባል ሰምተህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲባል ብቻ የተሰማ ነገር ይሰረዛል። ሰገነትም ይህን ሳትጠይቅ አንድ መስመር አታሳልፍም፤ ብትለምናት፣ ብታለቅስባት፣ ወይ ፍንክች!

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ካለው መንደር በእግሯ የምትመጣው እታገኝ በላይነህ ስለ ታላቅ ወንድሟ ስለ ልደቱ ጻፈች። ልደቱ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሱ ግን ደብዳቤም ወሬም የለም። የመጀመሪያው ግጥሟ «ጀግናው»፣ «መከታው»፣ «ዳር ድንበሩ» ብቻ ነበር፤ ሬዲዮ የከፈቱ ነው የሚመስለው። ሰገነት ጠየቀች፤ ልጅቷ ሰረዘች። እንደገና ጠየቀች፤ እንደገና ሰረዘች። በአምስተኛው ሳምንት ከአሥራ ስምንቱ መስመር ሁለት ቀረ፦

ጃኬቱ በፀሐይ ሽቦ ላይ ተሰጣ፣
ይለብሰዋል አለች እናቴ ሲመጣ።

ይህን ለሰገነት ከማሳየቷ በፊት፣ በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ አባቷ አቶ በላይነህ ትምህርት ቤት መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«መምህርት፣ ቀበሌ ጠርተው ነገሩኝ» አሉ። «ልደቱ የለም።»

«ውይ! ውይ በሞትኩት፣ ጋሽ በላይነህ!»

«ቀስ ይበሉ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። ልጅቱ ሚኒስትሪ ልትፈተን ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። አሁን ብትሰማ ዓመቱ ገደል ገባ። እናቷም አልሰማችም፤ እሷ ከሰማች መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። ፈተናው ባለቀ ማግስት መርዶው ይነገራል። እስከዚያ ልጅቱ እርስዎ ዘንድ ስለሱ ትጽፋለች አሉኝ። አደራዎን፣ ፊትዎ እንዳያሳብቅ።»

«አደራ» አለች ሰገነት።

ሐሙስ ዕለት ልጆቹ ሲወጡ እታገኝ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ሰገነት ሁለቱን መስመሮች አነበበች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንቺስ? እናትሽ ይህን ስትል የት ነበርሽ? ምን አልሻት?» ብላ ታፋጥጣት ነበር። አሁን ግን «ሲመጣ» የሚለው ላይ ዓይኗ ተተክሎ ቀረ። ይኼ ነው የውሸት ክፉው፤ ተናጋሪዋ ሳታውቅ የተናገረችው። ብትጠይቅ ድምጿ ሊከዳት ነው።

«ጥሩ ነው» አለች ደብተሩን እየመለሰች። «ይኼን አትንኪው።»

እታገኝ ደብተሩን አልተቀበለችም።

«ቲቸር፣ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

«አምስት ሳምንት ሙሉ ሳይጠይቁኝ ያለፉት መስመር የለም። አንድም!» ልጅቷ አስተማሪዋ ላይ አፈጠጠች። «አባዬ ሰኞ መጥቶ ነበር፤ ጉተማ አይቶታል። ለኔ ግን ሥራ ቦታ ዋልኩ ነው ያለኝ።»

ሰገነት አፏን ከፈተች። እንድትዋሽ አደራ ተብላለች፤ ይህችን ልጅ ግን ስንት ቀን ውሸቱን ሰርዢ ስትላት ከርማ አሁን በምን አፏ ትዋሻት? ጠመኔውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እታገኝ ይህን አይታ ልደቱ እንደማይመጣ ገባት።

ልጅቷ አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች፤ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ሰገነት በሩን ዘግታ አቀፈቻት፣ አብራትም አለቀሰች።

ብዙ ቆይታ እታገኝ ቀና አለች።

«እማዬም አታውቅም ማለት ነው?»

«አታውቅም።»

«አባዬ ብቻውን?» ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። «እንግዲያው አልሰማሁም። ለአባዬ እንዳይነግሩት፣ ቲቸር። እኔ እንድፈተን ብሎ ነው የቻለው። ማወቄን ካወቀ ይሰበራል።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እናት ጃኬቱን ታሰጣለች፣ ልጅ ትሰበስባለች፤ አባትም ልጅም ማዕድ ላይ እየተያዩ ሳቅ ይዋሳሉ። እታገኝ ተፈተነች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው ገቡ፤ ሰገነትም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ተከተለች። እናት ገና ሰዎቹን ስታይ ጮኸች። ከሁሉ ቀድማ ወገቧን የያዘቻት እታገኝ ነበረች፤ ለዚያች ደቂቃ ስትዘጋጅ የከረመች ናትና። ከዚያ በኋላ እሷም እንደ ልቧ ጮኸች፤ «ወንድሜን!» ያለችው ድምፅ ሦስት ሳምንት ታፍኖ የወጣ ነው። ሴቶቹ «አይ ያልጠረጠረች ልጅ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ።

ረፋዱ ላይ አቶ በላይነህ ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው ወደ ሰገነት መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበራቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህርት» አሉ ዝቅ ብለው። «አደራዬን ጠበቁልኝ። ልጄ ሳትሰማ፣ ልቧ ሳይጎዳ ተፈተነችልኝ።»

ሰገነት በድንኳኑ ውስጥ እናቷን ደግፋ የተቀመጠችውን ልጅ አየች።

«አሜን፣ ጋሽ በላይነህ» አለች።