«ሲስተም የለም» ያለ ሰው ይፈርም

«ሲስተም የለም» ተብላችሁ ስትመለሱ፣ የትኛው ሲስተም እንደሌለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሰው መስኮት ሥር ቆሞ ይህችን ቃል ይሰማል፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ «እሺ፣ መቼ ልምጣ?» ይላል። ዝናብ ዘነበ ሲባል «የትኛው ዝናብ?» ብሎ የሚሟገት የለም፤ ይህንም እንደ ዝናብ ተቀብለነዋል።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ትርጉሙን አስገልብጫለሁ፦ ተያይዘውና ተደጋግፈው አንድ ሥራ የሚሠሩ ነገሮች። የደም ዝውውር፣ የመስኖ ቦይ፣ የባቡር ሐዲድ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሳሉ፣ ያድጋሉ፣ መሥሪያ ቤት ይቀጠራሉ። እዚያ ሲደርሱ እኔ ያስተማርኩት አንድ ትርጉም ይጠፋና ሌላ ሃያ ይፈለፈላል።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰኞ ጠዋት የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከለች ሳለ በግራ ዓይኗ ጥግ ጥቁር መጋረጃ ወረደባት። መጀመሪያ የመብራቱ ነው ብላ አምፖሉን ቀየረች። ቀጥላ መነጽሯን ወለወለች። ከሰዓት በኋላ የፊቴ ግማሽ አልታይ ሲላት እጇን ይዤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ በብርሃን ስትመረምር ቆየችና፣ «በዓይኗ ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ እየተላቀቀ ነው» አለችን። «መሀሉ ገና አልተነካም። እስከ ዓርብ ቀዶ ጥገና ከገባች ዓይኗ ይተርፋል። መሀሉ ከተላቀቀ ግን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አታልፍም።»

ያን ቀዶ ጥገና የሚሠራው አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ የጤና መድን ቢሮው ማኅተም ያረፈበት የፈቃድ ወረቀት ካላየ በሽተኛ አያስገባም።

«አንድ ወረቀት ናት፣ እትዬ» አልኳት። «ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ነገ ካልክማ ቁልፎቹን ልጨርሳቸው» አለች፤ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና መርፌዋን አነሳች።

ማክሰኞ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ረጅም ኮሪደር፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ የብረት ወንበሮች፣ መጨረሻ ላይ መስታወት። መስታወቱ ላይ ለመነጋገሪያ የተቆረጠችው ቀዳዳ ከሰው ደረት ዝቅ ስለምትል ማንም ሳያጎነብስ አያናግርም። የሠራትን አናጺ ባገኘው ያዘዘው ማን እንደሆነ እጠይቀው ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ አልኩ። ከማዶ የተቀመጠችው ጸሐፊ አሥረኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት? ምነው ከሳ አሉ?»

«እሱን ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። እህቴ ናት የታመመችው።» የሐኪሟን ደብዳቤ አሳለፍኩላት።

አነበበችው። ፊቷ ተለወጠ። ቀና ብላ ጣራውን አየችና፣ «ሲስተም የለም፣ ቲቸር» አለች።

«ኮምፒውተሩ በርቶ የለም እንዴ?»

«እሱማ በርቷል። ሲስተም ነው የሌለው።»

ከኋላዬ የቆሙት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ሳቅ አፈናቸው። «ልጄ፣ ለዚህ ቤት አዲስ ነህ» አሉኝ። «ኮምፒውተሩን እያየች ሲስተም የለም ካለችህ ኔትወርክ ተቋርጧል። ሰዓቷን እያየች ካለችህ ምሳ ደርሷል። ዓይን ዓይንህን እያየች ካለችህ የጎደለህ ወረቀት አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን እሷም አታውቀውም። ጣራውን ካየች ከላይ ነው።»

«ከላይ ማለት ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ኃላፊው የሉማ። እኔ አራተኛ ቀኔ ነው። አራቱንም ቀን ጣራ ነው ያየችው።»

ከሳቸው ኋላ የቆመች ልጅ ያዘለች ሴት አንገቷን አሰገገች። «እንግዲያው ሲስተም የለም አትበሉ» አለች። «ሲስተም የሉም በሉ። ትልቅ ሰው ናቸው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኩትም። ይህ ቃል ይህን ያህል ዕድሜ የኖረው እኮ እኛ እየሳቅን ስለምንቀልበው ነው።

ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። ጎንበስ ስል ከጸሐፊዋ በስተጀርባ ማተሚያው ወረቀት እየተፋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከማተሚያው የወጡ የፈቃድ ወረቀቶች አንድ ስንዝር ከፍታ ተቆልለዋል። ከሁሉም በላይ ያለውን ገልብጬ አነበብኩ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ከጠረጴዛ ማዶ ያለ ጽሑፍ ገልብጦ ማንበብ ሥራዬ ነው። የእህቴ ስም ነው። ከነዕድሜዋ፣ ከነበሽታዋ፣ ከነሆስፒታሉ ስም። ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ያ የእህቴ አይደለም?»

«የእህትዎ ነው። ትናንት እንደሄዱ ነው ከማተሚያው ያወጣሁት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ስጪኝ።»

«ሲስተም የለም፣ ቲቸር።»

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። መግቢያው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳየኋት። አገልግሎት ያላገኘ ተገልጋይ ምክንያቱ በዚያው ቀን፣ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ተደግፎ ይሰጠዋል ይላል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ሰሌዳው በየሳምንቱ ይወለወላል።

«በጽሑፍ ስጪኝ» አልኳት። «ሲስተም የለም ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። ሌላ አልፈልግም።»

«ይሄ እኮ ይባላል እንጂ አይጻፍም።»

«የሚባል ነገር ለምን አይጻፍም?»

«ሦስት ዓመት እዚህ ስሠራ ተጽፎ አላየሁም» አለች። የምሯን ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ምክትል ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ብዕራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ።

«ምን ብለን ነው የምንጽፈው?»

«በቃል ያላችሁኝን።»

«ይሄማ ከተጻፈ የቴክኒክ ክፍሉን መወንጀል ይሆናል።»

ለማስረዳት የኮምፒውተር ባለሙያውን አስጠሩት። ባለሙያው ገና በር ላይ ሆኖ ጉዳዩን ሲሰማ ተቆጣ። «ማን ነው የለም ያለው? ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። ቢቆም ራሱ ይመዘግባል፤ ኑ ላሳያችሁ።»

«እሱ የሚለው ሲስተም ሌላ ነው» አሉኝ ምክትሉ ቶሎ ብለው።

«የእርስዎስ የቱ ነው?»

«አሠራሩ።»

«አሠራሩ ምንድን ነው?»

«ማኅተሙ ኃላፊው ጋ ነው።»

«ኃላፊው የት ናቸው?»

«ሥልጠና ሄደዋል። ሌላ ከተማ። ሰኞ ይመለሳሉ።»

«የምን ሥልጠና?»

ምክትሉ ሻዬን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት። «የተገልጋይን እንግልት ስለ መቀነስ» አሉ።

ባለሙያው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ምክትሉን ስጠያይቅ ቀስ በቀስ ነገሩ ተፈታልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ኃላፊው በሌሉበት እሳቸው ያልወደዱት አንድ ደብዳቤ በማኅተም ወጥቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅተሙን በመነጽር መያዣ ውስጥ አድርገው በደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ምሳ ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል፤ ለቅሶ ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል፤ እርሳቸው ጉንፋን ሲይዛቸው የከተማው በሽተኛ በሙሉ ይተኛል። ይህን ሁሉ የቢሮው ሰው ያውቃል። የማያውቀው፣ ይህን ነገር በራሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚናገረው ነው። «ኃላፊው ማኅተሙን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ» ማለት የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ የሄደ ሰው አለበት። «ሲስተም የለም» ውስጥ ግን ማንም ሰው የለም።

«ማኅተሙን ለምክትላቸው ትተው ቢሄዱ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«ምክትላቸው እኔ ነኝ» አሉ ምክትሉ።

«እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉልኝ። ማኅተሙ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው ብለው ይፈርሙ።»

«ጋሼ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ደረጃው ላይ ቆሜ ኃላፊው ጋ ደወልኩ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሱ። ከበስተጀርባቸው ጭብጨባ ይሰማል። ነገሩን እየተንተባተብኩም ቢሆን አስረዳኋቸው፤ የዓይን ጉዳይ ነው፣ ዓርብ ነው፣ ለምክትልዎ አንድ ቃል ይበሉ አልኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «ወንድሜ፣ ለአንድ ሰው ብዬ ሲስተሙን ላፍርሰው?» አሉኝና ስልኩን ዘጉት። ቅድም የለም የተባለው፣ ለካ እንዲህ የሚሳሱለት ነገር ኖሯል።

ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ጋ ጎንበስ ስል ጸሐፊዋ ሳልናገር ቀደመችኝ።

«እህትዎ እንዴት አደረች?»

«መጋረጃው ወደ መሀል እየመጣ ነው። ሻንጣዋን ይዛ ተቀምጣለች።»

«እኔን እኮ ታውቀኛለች። ያን ጊዜ ዩኒፎርሜ አጥሮብኝ ከታች ቀጥላ ያስረዘመችልኝ እሷ ናት።» ብዕሯን አነሳች። «ቲቸር፣ ብጽፍልዎት ይጠቅማታል?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቱን ነው የነገርኳት። «ሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው፤ ቢያነቡት ይገባቸው ይሆናል።»

ነጭ ወረቀት ሳበች። ያኔ እንዳስተማርኳት ኅዳጉን ትታ፣ በተስተካከለ ፊደል ጻፈች። «የፈቃድ ወረቀቱ ማክሰኞ ዕለት ተዘጋጅቷል። ለባለጉዳይዋ ያልተሰጠው ሲስተም ስለሌለ አይደለም። ማኅተሙን የቢሮው ኃላፊ ይዘው ስለሄዱ ነው።» ስሟን፣ የሥራ መደቧን፣ ቀኑን አስገባች፣ ፈረመች። ሾፌሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ፤ ያን ቀን ቀልድ አልመጣላቸውም።

ወረቀቱን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ፤ እህቴ ክንዴን ይዛ ትከተለኛለች። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አነበበው። ባልደረባውን ጠርቶ አስነበበው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነት ነው» አለኝ። «ግን ማኅተም የለውም።»

ዓርብን ሙሉ የመዝገብ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዋልን። ሰው ሁሉ አዘነልን። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «መንጋቱን አየዋለሁ» አለችኝ። «አንተን ግን አላይህም።»

ኃላፊው ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ገቡ። ፈቃዱ ማኅተም አገኘ፤ ቀዶ ጥገናውም ማክሰኞ ተሠራ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። መጀመሪያ የመረመረቻት ሐኪም ያለችው ግን አልቀረም፤ መሀሉ ተላቅቆ ነበር። እህቴ ዛሬ በመርፌዋ ክር የሚሰካላት ሰው ትፈልጋለች። በአንድ ዓይን ርቀቱ አልለይ ብሏት፣ ከመርፌው ቀዳዳ አጠገብ ክሩን ደጋግማ አየር ላይ ስትሰካ አያለሁ፤ ልርዳሽ ስላት ትቆጣኛለች።

ሰኞ ዕለት ማኅተም ያረፈበት ሌላም ወረቀት አለ። አራት ሰዓት ላይ፣ ማለት ኃላፊው ከገቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ለጸሐፊዋ የክስ ደብዳቤ ደረሳት። ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት። አራት ቀን ሙሉ ለአንድ ዓይን ያልተገኘ ማኅተም፣ እውነት የጻፈች እጅን ለመቅጣት በአንድ ሰዓት ተገኘ። ክሱ «የመሥሪያ ቤቱን ሲስተም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ለተገልጋይ ሰጥታለች» ይላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በመጪው ሐሙስ በዝግ ይሰማታል። ሰብሳቢው ራሳቸው ኃላፊው ናቸው።

ፈቃዱ የዘገየበትን ምክንያት ሆስፒታሉ ሲጠይቅ ቢሮው የሰጠውን መልስም አይቻለሁ። «በሲስተም ችግር ምክንያት» ይላል። እንግዲህ አይጻፍም የተባለው ቃል መጻፍ ተችሏል፤ ከሥሩ ግን የማንም ስም የለም።

ስለዚህ ኃላፊውን ነው የማናግረው። ሐሙስ በዝግ አይሁን። ኮሪደሩ ሰፊ ነው፤ እዚያ፣ ሰልፉ ፊት ይውጡ። ጸሐፊዋም ትኑር፣ ምክትልዎም ይኑሩ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም መዝገቡን ይዞ ይምጣ። እህቴን እኔ አመጣታለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያ ማኅተም የት ነበር? ያችን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይጠሩ፣ በስምዎ፣ ለእህቴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ።