ሁለት ብረት ለሁለት ወንድም

ቡሎኑ አልፈታም ካለ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሞተሩ ፊት ላይ፣ ፑሌጃ የሚባለው መዘውር መሃል ተሰክቶ፣ የመጣውን መፍቻ ሁሉ በዝምታ ይሸኛል። ታላቁ ወንድም የፍሬን ዘይት አጠጣው፤ ጠጣና ዝም አለ። በእሳት አሞቀው፤ ሞቀና ዝም አለ። በመዶሻ መታው፤ ያኔ የተነቃነቀው የራሱ የታላቁ ትከሻ ነበር።

የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ለመቀየር መጀመሪያ ይህ ቡሎን መውጣት አለበት። ችግሩ ደግሞ የጉልበት አልነበረም። ቡሎኑን በጠመዘዙት ቁጥር ፑሌጃው አብሮ ይዞራል፤ የሚይዘው ካልተገኘ ሰው እስኪመሽ ቢታገል ሞተር ከማሽከርከር በቀር የሚያተርፈው የለም። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነበር። አባታቸው በሕይወት ሳሉ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው፦ ሁለት ጥርስ ያለው ወፍራም የብረት ሰሌዳና ከጭነት መኪና አክሰል የተቆረጠ ረጅም ክንድ። ጥርሶቹ ፑሌጃው ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፣ ክንዱ ሰሌዳው ላይ ይጠመዘዛል፣ የክንዱ ጫፍ መሬት ይረግጣል፣ ፑሌጃው አደብ ይገዛል።

ሰሌዳው ታላቁ ጋ ነው። ክንዱ ታናሹ ጋ ነው።

ይህ የአጎታቸው ሥራ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆነው ጋራዡን ሲከፍሉ፣ ዕቃውን እንዲያካፍሉ የተጠሩት ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩት የእናታቸው ወንድም ነበሩ። አጎት ካቻቢቴና ፒንሳ አይለዩም፤ ማካፈል ግን ያውቃሉ። የቡሎን መፍቻ ቡሶላዎቹን ደርድረው ጎዶሎ ቁጥር የተጻፈባቸውን ለታላቁ፣ ሙሉ ቁጥር የተጻፈባቸውን ለታናሹ ሰጡ። በማግስቱ ታላቁ አስራ ሰባትና አስራ ዘጠኝ ይዞ አስርና አስራ ሁለት አጣ፤ ታናሹ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት የተከፈቱትን ሁለት ጋራዦች «ጎዶሎ ቤት» እና «ሙሉ ቤት» ብሎ ሰየማቸው። በስሙ የተከፋው አንዱ ወንድም ብቻ ነው።

የጎደላቸውን ቁጥር ቀስ በቀስ እየገዙ ሞሉ። የአባታቸው መሣሪያ ግን ገበያ ላይ የለም። አጎት እዚያ ዕቃ ላይ ሲደርሱ «ሁለት ብረት ለሁለት ወንድም» ብለው አንዳንድ አስጨበጧቸው። አንድ መሣሪያ መሆኑን ለመናገር የአንዳቸው አፍ ይበቃ ነበር። ታላቁ፣ ታናሽ ነውና እሱ ይናገር አለ በሆዱ። ታናሹ፣ ታላቅ እያለ እኔ ምን አገባኝ አለ በሆዱ። እንዲህ ያለው ጨዋነት ቤት ያፈርሳል።

ጠቡም ቢሆን ይህን ያህል ቁም ነገር አልነበረውም። ታናሹ ደንበኛ ፊት «ጋሼ፣ ቫልቩን አጥብቀኸዋል» አለ። ታላቁ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁትን ልታስተምረኝ ነው ወይ ብሎ ግቢውን አናወጠው። መኪናው በሳምንቱ ቫልቭ አቃጥሎ ተመለሰ። የተሳሳተን ወንድም ይቅር ማለት ይቻላል፤ ልክ የሆነውን ግን ሰው ምን ያደርገዋል?

በሦስተኛው ቀን የመኪናዋ ባለቤት መጣች። የጥርስ ሐኪም ናት። ታላቁ ተስፋ ቆርጦ በበያጅ ያሠራውን ሌላ ክንድ አየችው፤ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ እንደ ማጭድ ጎብጧል። መኪናው መቼ እንደሚያልቅ እንዳትጠይቀው ፈርቶ ቀድሞ ጠየቃት፤ እንቢ ያለ ጥርስ ሲገጥምዎት ምን ያደርጋሉ አላት።

«አጠገቤ ያለውን ሐኪም እጠራለሁ» አለች፣ መለዋወጫ ጎማው ላይ እየተቀመጠች። «በሽተኛ ፊት ደስ አይልም። ጥርሱ ግን ይወጣል።»

ታላቁ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁን አጠፈ፤ ደግሞ ፈታው። አስፋልቱ ቢበዛ አስር እርምጃ ነው። ዳቦ ቤቱ በታናሹ በኩል ስለሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ዳቦ የሚገዛው ከሌላ ሰፈር ነበር። የፈራው ክንዱን እንዳይከለክለው አይደለም። «ውሰደው» ብሎ ሰጥቶት፣ ፊቱን እንዳያዞርበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሻገርበት ምክንያት አይኖረውም።

ተሻገረ። ታናሹ መኪና ሥር ተኝቶ ጫማው ብቻ ይታያል።

«ክንዱን ፈልጌ ነበር» አለ ታላቁ ለጫማዎቹ።

ጫማዎቹ መሬቱን ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ታናሹ ወጣ። ጠጉሩ ሸብቷል። ሽበት ከመንገድ ማዶ አይታይምና ታላቁ ደነገጠ፤ ለወንድሙም ለዓመቶቹም አዘነ።

«ክንዱን አላውስም» አለ ታናሹ። «መጥቼ እይዘዋለሁ።»

ሰሌዳውን ፑሌጃው ላይ ገጠሙ። ክንዱን ሲጠመዝዙት ሰተት ብሎ ገባ፤ ለካ ታናሹ የክንዱን ጥምዝ፣ ታላቁም የሰሌዳውን ቀዳዳ ግራሶ ሲቀቡ ኖረዋል። ለብቻው ለምንም የማይረባ ብረት ስድስት ዓመት ግራሶ የቀቡ ሁለት ሰዎች ተያዩና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ታናሹ ክንዱን ጉልበቱ ሥር አጥብቆ ያዘ። ታላቁ በረጅሙ መፍቻ ላይ ተንጠለጠለ።

«ያኔ ልክ ነበርክ» አለ ታላቁ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ስለ ቫልቩ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ቡሎኑ ይህን ሁሉ ሰምቶ አልተነቃነቀም።

መፍቻው ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ጨመሩ። ታላቁ ያለ የሌለ ክብደቱን ጣለበት። ቡሎኑ ጧ ብሎ ለቀቀ፤ ታላቁም ከነቱቦው በጀርባው ተዘረጋ። ታናሹ ሊያነሳው እጁን ዘረጋና ሳቁ አሸነፈው፤ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሐኪሟ አጨበጨበች።

ሳቁ ሲያልቅ፣ ታናሹ ክንዱን ፈትቶ በጥንቃቄ ጠረገውና ሊሄድ ተነሳ።

«ቡሎኑ ሲገጠምም ያስፈልጋል» አለ ታላቁ ከተዘረጋበት።

«መቼ ነው የምትገጥመው?»

ቺንጋ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ።

«ሳምንት ይፈጃል» አለ ታላቁ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ።

ሐኪሟ ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ወደ ታናሹ ዞረች። ታናሹ መኪናውን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ መረመረው። ክንዱን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ሳምንት እንኳ አይበቃም፣ ዶክተር» አለ። «አስር ቀን ይስጡን።»

ሐኪሟ አስር ቀን ሙሉ በታክሲ ተመላለሰች።