የፉሲ የእሑድ ቃር

ፉሲ የባሏን ታላቅ እህት ካሎላይኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቅር አላለቻትም። ቂሙ በሙሽርነቷ የመጀመሪያ እሑድ የጀመረ ነው። ለፓስተሩ ምሳ ሥጋና የኮኮናት ወተት በጎደሬ ቅጠል ጠቅልላ፣ ሉ የሚባለውን ምግብ ሠርታ፣ ከጉድጓዱ ምድጃ ቸኩላ ሳይበስል አወጣችው። ያልበሰለ የጎደሬ ቅጠል ጉሮሮ ይቧጥጣል። ፓስተሩ የከሰዓቱን ስብከት በሳል ጀምረው በሳል ጨረሱት።

አገሩ ሁሉ ረሳው፤ ካሎላይኔ ግን ትረሳለች? በየእሑዱ ማዕዱ ሲቀርብ የሉውን ቅጠል በጣቷ ገለጥ ታደርግና፣ «ሙሽሪት፣ ዛሬስ በስሏል ወይስ የሳል ሽሮፕ ይምጣ?» ትላለች። ሙሽሪት አርባ አምስት ዓመቷ ነው።

መልስ መመለስ አይታሰብም። በቶንጋ የባል እህት ከሁሉ በላይ ናት፤ ምርጡ ቁራሽ የእሷ፣ ዓይኗ ያረፈበት ምንጣፍም የእሷ። ባሏ ሳሌሲ ቢሆን ምን ያደርጋል፤ ወንድም ከእህቱ ጋር አንድ ማዕድ አይቀመጥም ብሎ ሳህኑን ይዞ ዛፍ ሥር ነው። ፉሲ እንደ ቆመች፣ ካሎላይኔ ሌላ ነገር ሳትጨምር ልጨርስ ብላ፣ ጎርሳ ጎርሳ ትውጥና እንደ ሰዉ ሁሉ ትጋደማለች። እሑድ ሥራ ክልክል ነዋ! ወዲያው ደረቷ ላይ እሳት ይነድዳል፣ ሆዷም እንደ ከበሮ ይወጠራል።

እሷ ግን የፈረደችው በምግቡ ላይ ነው። መጀመሪያ ቃሪያ ተወች። ቀጥሎ የቆርቆሮ ሥጋ። ከዚያ የኮኮናት ወተት፤ ይህን ጊዜ ሳሌሲ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው ብሎ ደነገጠ። በመጨረሻ በተቀቀለ ካሳቫና በውሃ ብቻ ቀረች፤ ቃሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀሚሷ ከላይዋ ሊወድቅ ደረሰ።

አንድ እሑድ ካሎላይኔ ለቀብር በመርከብ ወደ ቫቫኡ ደሴት ሄደች። ፉሲ የዚያን ቀን ተስፋ ቆርጣ፣ መሞቴ ካልቀረ ጠግቤ ልሙት ብላ፣ ሁለት ሉ ከነሥጋው፣ ከነቃሪያው በላች። ከዚያ እሳቱን ቁጭ ብላ ጠበቀችው። አልመጣም።

ሰኞ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ ላቪኒያ የመዘምራን ጓደኛዋ ናት። ከዚህ በፊት ያደረገችላት ምርመራ ምንም አላሳየም ነበርና አሁን ምን በላሽ ማለቱን ትታ፣ ቆመሽ ነው ወይ፣ ቸኩለሽ ነው ወይ፣ እንደ በላሽ ትተኛለሽ ወይ እያለች ጠየቀቻት። ፉሲ ሁሉንም አዎ አለች። ከማን ጋር ነው የምትበዪው ስትባል የካሎላይኔን የሳል ሽሮፕ ነገር ዘረገፈችላት።

«ጨጓራሽ ካሳቫ መፍጨት አላቃተውም» አለች ላቪኒያ። «ያቃተው አብረሽ የምትውጪው ንዴት ነው።»

ካሎላይኔ በተመለሰች በመጀመሪያው እሑድ ፉሲ ምድጃውን ከወትሮው ቀደም አድርጋ ከፈተች። ትልቁን ዓሣ፣ ወፍራሙን ጎደሬና ያማረውን ሉ መርጣ በቅርጫት ሞላች። ካሎላይኔ ከቤቷ ሳትወጣ ደረሰችባትና በወጉ ተንበርክካ ቅርጫቱን ከፊቷ አኖረች።

«እትዬ ካሎላይኔ፣ ምርጡ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እዚሁ አመጣልዎታለሁ። የፓስተሩን ሳል እያነሱ ግን ከእኔ ጋር አይበሉም።»

«ብቻዬን ልትቀልቢኝ ነው እንዴ?»

«ወሬውን ትተው ከመጡ ምንጣፉ እንደ ተነጠፈ ነው።»

ካሎላይኔ በለመደ ጣቷ ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። አፏን ከፈተች፣ ፉሲን አየች፣ መልሳ ገጠመችው።

ፉሲ ቤቷ ገብታ ከምንጣፉ መሐል ተደላድላ ተቀመጠች። ሳሌሲ እንደ ልማዱ ዛፉ ሥር በልቶ፣ እዚያው ተኝቶ፣ ሲነቃ እሷ ገና ሁለተኛውን ሉ እያላመጠች ነበር።