ባዩሽ ቃሏን ስትሰጥ
ድርቤና ባዩሽ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አጥር ለአጥር ተጎራብተው ነው ያደጉት። የባዩሽ ወላጆች ከጎጃም የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የድርቤ አባት የመዘምራን መሪ። ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በቀጥታ የሚሄዱት ጋሽ ሠርፀ መጽሐፍ ወደሚያከራዩባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ሠርፀ ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀ የወንጀል ልብ ወለድ አወጡላቸው።

«ይቺን ሞክሯት» አሏቸው። «ተራኪ የላትም።»

እውነትም የላትም። ከዳር እስከ ዳር ለፖሊስ የተሰጠ ቃል፣ ቴሌግራም፣ የጋዜጣ ማስታወቂያና የሐኪም ካርድ ብቻ ነው። አንድ የቡና ነጋዴ ሞቶ ተገኝቷል፤ ማን እንደገደለው የሚነግር ግን የለም። አንባቢው ራሱ ነው ይሄኛው ዋሽቷል፣ ያኛዋ ደብቃለች እያለ የሚደርስበት። ሌላ ጊዜ ደራሲው እጇን ይዞ ይወስዳት የነበረችው ድርቤ፣ አሁን ነገሩን ሁሉ ለእሷ ትቶላት የሄደ መሰላት።

ማንጎው ሥር ተቀምጠው ጮክ ብለው አነበቡት። ድርቤ መርማሪውን ሆነች፤ ባዩሽ ምስክሮቹን ሁሉ። ለነጋዴው ሾፌር ድምፅዋን ታወፍራለች፤ ለሚስቱ ታለቅሳለች። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ገጾቹ የሉም፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ረግፈዋል። ድርቤ ገዳዩ ሾፌሩ ነው አለች፤ ባዩሽ ሚስቱ ናት አለች፤ በዚሁ ተኳረፉ።

ባዩሽ አድጋ ጊዳ አያና ተዳረች። ከዓመታት በኋላ አካባቢው በግጭት ታመሰ፣ ስልክም ተቋረጠ። ባዩሽ ልጆቿን ይዛ ጎጃም፣ ቡሬ፣ ዘመዶቿ ዘንድ መግባቷን ድርቤ የሰማችው ከሰው ነው። ስልክ ሲከፈትም ወሬያቸው እንደ ድሮው አልሆን አለ። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው።» ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

አንድ ከሰዓት፣ ድርቤ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ስልኳን አነሳችና ድምፅዋን አጎርንና ቀዳች፦ «ስምሽንና ሟቹን በምን እንደምታውቂው ተናገሪ።»

ለባዩሽ ላከችውና አፈረች። ጥቂት ቆይቶ መልስ መጣ፤ ወፍራም ድምፅ።

«ሾፌር ባቻ እባላለሁ፣ ጌታዬ። ያን ቀን ጎማዬ ተንፍሶ ነበር።»

ድርቤ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ በኋላ አንዷ ስትጠይቅ ሌላዋ ስትመልስ፣ መጽሐፉን በቃላቸው እንደ አዲስ ሠሩት። መጨረሻው ግን ያው ጎደለ። ድርቤ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄዳ፣ ሱቃቸውን ከዘጉ የቆዩትን ጋሽ ሠርፀን ቤታቸው አገኘቻቸውና ስልኳን አፋቸው ላይ ደቀነች።

«ገዳዩ ማን ነው፣ ጋሼ? ለሁለታችንም ይንገሩን።»

«ሐኪሙ ነዋ» አሉ። «ካርዱን አላያችሁትም? ሰውየው ከሞተ በኋላ መድኃኒት አዞለታል።»

የተቀዳው ሲደርሳት ባዩሽ በሳቅ ፈረሰች። ቀጥላ ሌላ መልእክት ላከች፤ በዚህኛው ድምፅዋ የማንም ሳይሆን የራሷ ነበር።

«መርማሪ፣ አንድ ምስክር ቀርቷል። ባዩሽ እባላለሁ። የጊዳ አያና ነዋሪ ነበርኩ። ያን ጠዋት ሊጥ አቡክቼ ነበር።»

ድርቤ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ባዩሽ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገች፣ እንደ መጽሐፉ ሰዎች ያየችውን ብቻ ተናገረች። ጎረቤቷ ኢቢሴ የባዩሽን ልጆች ጓዳዋ ደብቃ አዋለቻቸው፤ ሲመሽ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው።

ድርቤ የመርማሪውን ድምፅ ያዘች። «ኢቢሴ አሁን የት ናት?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርቤ ከጊዳ አያና እህል ይዘው የሚመጡትን ነጋዴዎች በየገበያው ቀን ስለ ኢቢሴ ትጠይቅ ጀመር። ብዙዎቹ ትከሻቸውን ሰበቁ። በመጨረሻ ዋቅወያ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ «አውቃታለሁ፣ እዚያው ናት» ብሎ የስልክ ቁጥር ፈልጎ አመጣላት።

ድርቤ ደወለች፤ ማንነቷን አስረዳች። ኢቢሴም ለባዩሽ የሚላክ ድምፅ ቀዳች።

«አካም ጅርታ፣ ባዩሽ ኮ? እንዴት ነሽ፣ የኔ ባዩሽ?» ይላል። «ልጆቹ አደጉ?»