የማኅበሩ ስካነር

የሻረው መኪና ቢጫዋን የሞተር መብራት ያበራችው፣ ሻረው ለእናቱ ቃል በገባ ማግስት ነው።

እናቱ ወይዘሮ ዘቢደር ዳባት ይኖራሉ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው፣ ሰውን በድምፁ፣ ቤታቸውን በዳሰሳ መለየት ከጀመሩ ከረሙ። ጎንደር ያለው ሐኪም ቤት ስንት ጊዜ ካመላለሳቸው በኋላ ለኅዳር የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጣቸው። "ይህቺ ቀን ካለፈችዎት ግን ሌላ ተራ የሚገኘው ለከርሞ ነው" ተባሉ። ሻረው ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ።

"እማዬ፣ በሚኒባስ ተጋፍተሽማ አትሄጂም። መኪና ያለው ልጅ ደባርቅ ላይ እያለልሽ! ከደጃፍሽ አንሥቼ ሐኪሙ በር ላይ ነው የማወርድሽ።"

ወይዘሮ ዘቢደርም ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ። ዳባት ውስጥ ለጎረቤት የተነገረ ነገር ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ አዋጅ ይልቅ የጸና ነው።

በማግስቱ መብራቷ በራች። መኪናዋም ዳገት ባየች ቁጥር ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፍ ጀመር። ደባርቅ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ሞልቷል፤ አንዱ ካንዴላዎቹን ጠርጎ መለሰለት፣ ሌላው "ነዳጁ ነው" አለው፣ ሦስተኛው "ብርዱ ነው" አለው። የመኪናዋ ኮምፒዩተር የመዘገበውን ጥፋት ማንበብ የሚችል ማሽን ያለው ግን ጎንደር ነበር። ሕመሙን ለማወቅ ሕመምተኛውን ያን ሁሉ ዳገት ማስወጣት ነው እንግዲህ።

"ለምን አንዲት ስካነር አትገዛም?" አለችው ሚስቱ ዓለምዬ። "ሰው ሁሉ ቤቱ እየመረመረ አይደል?"

ሻረው በዞኑ ትምህርት መምሪያ ባለሙያ ነው፤ አንድን ነገር ሳያጠና አይገዛም። በስልኩ ሲፈልግ ሰነበተ። አንደኛዋ ዓይነት የክብሪት ሣጥን የምታህል ናት፤ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ትሰካና ያየችውን በብሉቱዝ ለስልክ ትነግራለች። ሁለተኛው የራሱ ትንሽ የምስል መስኮትና ገመድ ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ነው። ሦስተኛው በጥቁር ሻንጣ የሚመጣ፣ የገበታ ያህል ሰፊ መስኮት ያለው፣ የጋራዥ ባለቤቶች የሚይዙት ነው። አስቦ አስቦ ትንሿን መረጠ። ለእሱ መኪና ትሆናለች፣ የጥፋቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ትናገራለች፣ ሞተሩ እየሠራም ምን እንደሚያደርግ ታሳያለች። ጎንደር ያለ ጓደኛው በማግስቱ በሚኒባስ ሊልክለት ተስማሙ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሻረው ግን በዚያው ዕለት፣ መስከረም ሚካኤል፣ ማኅበር ነበረበት። እዚያም አፉን ከፈተ።

"መኪናዬን የምመረምርባት አንዲት ማሽን ልገዛ ነው" አለ፣ ጠላውን ጎንጨት አድርጎ።

ዋንጫዎች ሁሉ ከአፍ ወረዱ።

"ለብቻህ?" አለ ምስክር። ምስክር የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ነው፤ እሱም አሮጌ መኪና አለችው፣ የእሷም መብራት ከበራ ቆይቷል።

"ለብቻዬ ስል እንኳ..."

"ኧረ ደግ አድርገህ! እኛ ምን አግብቶን። የአንተ መኪና ትዳን፣ የእኛ መንገድ ላይ ትቅር።"

የሻረው ጆሮ ጋለ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ማኅበር ያለው ሰው ለብቻው አይታመምም። መኪናውስ ቢሆን ለምን ለብቻዋ ትታመም?"

ሁሉም "እውነት ነው!" አሉ። ስካነሩ በማኅበሩ ስም ይገዛ ተባለ። መኪና ያለው ከማኅበርተኛው ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል እንዲያዋጣ ተወሰነ። መኪና የሌለው ሰው አላዋጣም ቢል፣ መኪና አይኖረኝም ብሎ በራሱ ላይ እንደማሟረት ይቆጠርበታል። መራጭ ሆኖ የተሰየመው ሻረው ነው፤ በቀደም የመምሪያውን ድምፅ ማጉያ ስለ ጠገነ።

ሻረው ቤቱ ገብቶ ለጎንደሩ ጓደኛው ደወለ። "ትንሿ ትቆይ" አለው።

"ምን ማለት ነው ትቆይ?" አለች ዓለምዬ። "የእናትህ ቀጠሮስ?"

"ታዲያ ማኅበሩ ሊገዛ ወስኖ እኔ ለብቻዬ ብገዛ ምን ይሉኛል?"

ዓለምዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "እሳቸውን የጋረዳቸው ሞራስ በሐኪም ይነሣል፤ የአንተን እንጃ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የጥቅምት ሚካኤል ደረሰ። ሻረው ጥናቱን ይዞ ቀረበ። "ዋናው ነገር ለየመኪኖቻችን የሚሆን፣ ጥፋቱን አብራርቶ የሚናገር..." ብሎ ገና ሳይጨርስ እህል ነጋዴው ድረስ አቋረጠው።

"የጭነት መኪና ያነባል?"

"ትንሿ አታነብም፤ ግን እኮ አብዛኞቻችን..."

"እንግዲያው እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁማ!"

"ኧረ ነህ ጋሼ ድረስ!"

ልብስ ሰፊው ዋሴ ቀጠለ። ዋሴ መኪና ቀርቶ ብስክሌት የለውም። "እኔ እንኳ ስለ መኪና አላውቅም። ግን የማኅበር ዕቃ ሲሆን ማስቀመጫ ያስፈልገዋል። ያ ሻንጣ ያለው ክብር አለው።"

"ሌላው ይቅር" አለ ምስክር ወደ ፊት ሰገግ ብሎ። "ይደመስሳል?"

"ምኑን?"

"መብራቱን ነዋ! ሲጫኑት ድርግም የሚያደርግ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ሁሉም ይደመስሳሉ። መደምሰስ ግን መጠገን አይደለም፤ መጀመሪያ ጥፋቱ ተነቦ፣ ተፈልጎ፣ ተስተካክሎ..."

"ይደመስሳል ብሏል!" አለ ምስክር ለሌሎቹ።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። "ሳትናዘዝ ሥርየት ነው የምትፈልገው፣ ምስክር?"

"አባታችን፣ እንዲያ ያለ ቢገኝማ ማን ይጠላል?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ ባለ ሻንጣው ተመርጦ ነበር። ሻረው እሱ ያልመረጠውን ስካነር በደንብ ስለ መረጠ ተመሰገነ።

ማሽኑ ኅዳር መግቢያ ላይ መጣ። ሻረው ከመናኸሪያ ተቀብሎ በቀጥታ መኪናው ላይ ሊሰካው ነበር፤ ምስክርና ድረስ ግን አብረውት ስለ ነበሩ "ሳይመረቅማ አይነካም" አሉት። እናም ሻንጣው እንደ ታሸገ ለኅዳር ሚካኤል ድግስ ደረሰ። ተመረቀም። ከዚያ ማን ቤት ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጽዋው በየወሩ በተራ ከቤት ቤት እንደሚዞር ሁሉ ስካነሩም ይዙር ተባለ፤ የመጀመሪያው ተረኛ በዕጣ ይለይ ተባለ። ዕጣው ለዋሴ ወጣ።

ዋሴ ሻንጣውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩን አስነካው። የሻረው እናት ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሻረው ዋሴ ቤት ሄደ። የዋሴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በእግር ብቻ የሚወጣ የድንጋይ መንገድ ጫፍ ላይ ነው፤ እንኳን መኪና ባጃጅም አይደርስበት። ስካነሩ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል።

"ዋሴ ወንድሜ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ አውሰኝ።"

"ውይ ሻረው፣ የእኔ ቢሆንማ!" ዋሴ እውነቱን ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ ጭንቀት ይታያል። "በተራዬ ከቤቴ ወጥቶ አንድ ነገር ቢሆን ምን እባላለሁ? መኪናዋን አምጣት፣ እዚሁ እኔ ፊት መርምራት።"

"በየት በኩል ነው የማመጣት?"

ሁለቱም በበሩ ወደ ድንጋዩ መንገድ ተመለከቱ። ዋሴ መንገዱን ገና ዛሬ ያየው ይመስል ተከዘ።

ነገሩ ለመሪጌታ ደረሰ። እሳቸውም ማክሰኞን ሲያስቡበት ውለው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስካነሩ በማኅበርተኞች ታጅቦ እስከ መንገዱ ግርጌ እንዲወርድ ፈቀዱ። ሻረው መኪናውን ግርጌው ላይ አቁሞ ጠበቀ። ዋሴ ሻንጣውን ታቅፎ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ወረዱ። የዋሴ ሚስት ከላይ ሆና ዕልል አለች። ባለ ባጃጆች ቆመው አዩ።

ሻረው ሶኬቱን አግኝቶ ሰካ። ሰፊው መስኮት በራ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ማኅበርተኞቹ ግን ዳዊት እንደሚደገም ሁሉ ጸጥ ብለው ቆሙ።

"ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስተኛው እያቃጠለ አይደለም ይላል" አለ ሻረው። "ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚሠሩት።"

"ይኼ ታዲያ በሽታ ነው?" አለ ድረስ። "የእናንተ መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት እንዲሁ አይደል የሚሄደው?"

"ቆዩ፣ ቆዩ፤ እሳት የሚሰጠው ኮይሉ ይሁን ካንዴላው ልየው፤ ከዚህ ቀጥሎ..."

የምስክር ጣት ግን በሻረው ትከሻ ላይ አልፎ መስኮቱን ነካ። "ድምሰሳውን የሚያዘው ይኼ አይደል?"

"ተው! ገና አላየሁትም!"

"ተደመሰሰ!"

ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ዕልልታው ከላይም ከታችም ቀለጠ። መሪጌታ "ተመስገን" አሉ። ሻረው ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሣ፤ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ተንዘፈዘፈች።

"ከበሽታ የተነሣ ሰው መንቀጥቀጡ አይቀርም" አለ ምስክር፣ መሪውን በፍቅር እየዳበሰ። "ሲውል ሲያድር ይለቃታል።"

ሻረው መልሶ ሊያስነብብ አሰበ። ነገር ግን ዋሴ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ሻንጣውን ዘግቶ ዳገቱን ጀምሯል፤ ሰዎቹም "እንኳን ደስ ያለህ" እያሉ እጁን ይጨብጡታል። እጁን እየጨበጡት "መኪናዬ አልዳነችም" ማለት ስድብ መሰለው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣ። የዳባትን መንገድ ይዞ ከደባርቅ እንደ ወጣ፣ ከመጀመሪያው ዳገት እኩሌታ ላይ ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። መኪናዋ ተርገፈገፈች፤ አሥር እርምጃ ያህል ተንፏቀቀችና ቆመች። ሻረው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ከዚያ ወርዶ በሩን ዘጋና መንገድ ዳር ቆመ። ብርዱ ጆሮውን ቆረጠው። የመጣውን ሚኒባስ ሮጦ ተሳፈረ፤ ረዳቱ ከኋላ፣ በሁለት ኩንታል ድንችና በአንድ ወታደር መካከል አስቀመጠው። እናቱ ጋ ደውሎ መንገድ ዳር እንዲጠብቁት ነገራቸው።

ዳባት ሲደርስ ወይዘሮ ዘቢደር ነጭ ለብሰው፣ በጎረቤት ተከበው ቆመዋል። ሊሸኙ የመጡት ሴቶች ቢያንስ ስምንት ይሆናሉ። ሻረው ሲወርድ ሁሉም ከኋላው ሌላ ነገር ፈለጉ።

"መኪናው የታለ?" አለች አንዷ።

ሻረው ምላሱ ላይ ያዘጋጀው ሰበብ ነበር፤ ልትታጠብ ሄዳ ነው፣ ሰው ወስዷት ነው፣ ጎማ ሊቀየርላት ነው። ረዳቱ "አንድ ቦታ ነው ያለኝ፣ ትሳፈራላችሁ አትሳፈሩም?" ብሎ ጮኸ። እናቱ በዳበሳ እጁን ፈልገው ያዙት። ጣቶቻቸው ቀዝቅዘዋል፤ ከመቼ ጀምሮ ቆመው ኖሯል?

"ተበላሽታለች" አለ ሻረው። "መንገድ ላይ ቆማለች። ሳትበላሽ ጥሩ ነበረች፤ አሁን ግን ተበላሽታለች።"

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሰማይ ግን አልተደረመሰም።

"ታዲያ ምን ትገተራለህ?" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር። "አሳፍረኝ እንጂ!"

እሳቸውን በእሱ ቦታ አስቀመጠ፤ እሱ ድንቹ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሳይሄዱ ስልኩ ጮኸ። ምስክር ነው።

"እንዴት ናት መኪናዋ? ዛሬ የእኔንም ልናስደመስስ ነው፤ ለዋሴ አንድ ቃል ንገርልኝ፣ ያንተን አይቶ ልቡ ሞልቷል።"

"ከደባርቅ መውጫ ላይ ቆማለች" አለ ሻረው። "ምስክር፣ እኛ መብራቱን ነው ያጠፋነው። በሽታው እንዳለ ነው። ከጎንደር ኮይልም ካንዴላም ገዝቼ እመለሳለሁ። ትንሿንም ስካነር ለራሴ እገዛለሁ።"

ሻረው ማኅበርተኛው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው መሰለው።

"ግን መብራቱ ጠፍቶ ነበር አይደል?" አለ ምስክር።

"ጠፍቶ ነበር።"

"እሱን ነው የምልህ!" ብሎ ምስክር ደስ ብሎት ዘጋ።

ወታደሩ አንቀላፍቷል። ከመስኮቱ ውጭ ጉም ከገደሉ እየወጣ፣ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ።

"የት ደረስን?" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር።

"አምባ ጊዮርጊስ ልንገባ ነው። እማዬ፣ አዝመራው ብታዪው፣ በግራ በኩል እስከ ታች ድረስ..."

"ቆይ፣ አትንገረኝ" አሉት፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው። "ስመለስ ራሴ አየዋለሁ።"