የሻምበል ክኒን

ሃያ ክኒን መቅረት ነበረበት። የቀረው ስድስት ነው።

ልጅቷ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና እንደገና ቆጠረች። ስድስት። እንደ ምስር ለቀማ አንድ በአንድ በጣቷ እየገፋች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች፣ ያው ስድስት! ክኒን ደግሞ እግር የለው፣ ብቻውን ወጥቶ አይሄድ።

ክኒኑ የሻምበል ነው። ሻምበል ማለት አባቷ በሚጠብቀው የእንጨት መጋዘን ያረጀ ውሻ ነው። ማዕረጉን የሰጡት አናጢዎቹ ናቸው፣ የገባውን ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ስለሚገላምጥ። የዛሬ ሃያ ቀን የመጋዘኑ ባለቤት መጣና፣ አባቷና ሻምበል ግቢውን ሲዞሩ ቆሞ አያቸው። ሲያዘግሙ፣ ሲያዘግሙ፣ ሰውየው ሰዓቱን አየ።

"ይሄ ውሻ ዙር መጨረስ አቅቶታል። ሃያ አንድ ቀን ልስጠው። ካልተሻለው ሌላ አመጣለሁ፣ ይሄኛው ይወጋና ያርፋል" አለ።

ይወጋና ያርፋል! ልክ ክትባት የሚወጋ ይመስል። ልጅቷ ያኔውኑ እየሮጠች የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ሄደች። ሐኪሟም ጣሳውን ሰጠቻት፦ "ለመገጣጠሚያና ለጅማት ማገዣ ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ተአምር እንዳትጠብቂ።" ጠዋት የሚሰጠው አባቷ ነው፣ ማታ እሷ። ስልሳ ነበር። ሃያ ቀን፣ አርባ ክኒን። አሥራ አራቱስ?

ሃያ አንደኛው ቀን ነገ ነው።

ሻምበል ጣሳውን ከፍቶ ጠርጎት ይሆን? ነገ ተልፈስፍሶ ቢገኝስ? ለሐኪሟ ደወለች።

"እትዬ፣ ውሻ ክኒኑን አብዝቶ ቢበላ ይሞታል?"

"ስንት በላ?"

"እሱን ባውቅማ!"

"ያስመልሰዋል? ያስቀምጠዋል?"

ልጅቷ በመስኮት ወደ መጋዘኑ ግቢ አየች። ሻምበል ጅራቱን እያወዛወዘ ዝንብ ያባርራል። ያስመለሰው ነገር የለም። "ደህና ነው" አለችና ዘጋች። እሱ ካልበላው ታዲያ ማን?

ወደ ጥበቃ ቤቱ ስትገባ አባቷ ጉንጩ ውስጥ የሆነ ነገር ያላምጣል።

"አባዬ፣ አፍህን ክፈት።"

"ምን አልሽ?"

"አፍህን!"

እንደ ሕፃን ከፈተ። የክኒኑ የዓሣ ሽታ ግድግዳውን መታ።

"የውሻ ነው እኮ! የውሻ!"

"ጉልበት ጉልበት ነው" አለ አባቷ ዓይኑን እየሰበረ። "ክኒኑ የማን ነህ ብሎ አይጠይቅም።"

"ነገ እየጮህክ ብትነሳስ?"

መሳቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ያኔ ሰውየው ምን ሆናችሁ ነው የምታዘግሙት ሲለኝ፣ ውሻው ነው አልኩት። አፌ ነው የቀደመኝ። ሻምበል ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይደርቃል እንጂ እኔን ጠብቆ ነው ቀስ የሚለው።"

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። "እና በአንተ ጉልበት እሱ ይወጋ?"

"እውነቱን ብናገርስ? በዚህ እድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በአጠገቧም አላለፈ።

በነጋታው ባለቤቱ በር ላይ ቆመ። "እስኪ እንያ" አለ። ልጅቷ ጣሳውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከእንጨት ክምሩ ጫፍ ቆመች፣ የግቢው ዳገት የሚያልቅበት ጋ። አባቷ የሻምበልን ገመድ ይዞ ጀመረ። አንድ እርምጃ ሲሄድ አንድ፣ ቆም ሲል ቆም። ሞኝ ውሻ! ዛሬ እንኳን ጥሎት አይሄድም?

"ያው ነው" አለ ባለቤቱ፣ ስልኩን እያወጣ። "ሐኪሟን ልጥራት።"

አባቷ ዳገቱ ሥር ቆመ። ስልኩን አየ፣ ሻምበልን አየ። ከዛ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ።

"ሂድ፣ ወንድሜ።"

ሻምበል ንቅንቅ አላለም። ቀና ብሎ የአባቷን ፊት ያያል። ባለቤቱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል፣ እየጠራ ነው።

ያኔ ልጅቷ ጣሳውን ወዘወዘችው። ኳ! ኳ! ኳ!

ሻምበል ጆሮውን አቆመ። ከዛማ ምን ይያዘው! ዳገቱን እንደ ቡችላ ዘልሎ ወጣ፣ የፊት እግሮቹን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆመ፣ ጣሳውን አሸተተና፣ ዞር ሲል አባቷ ገና ዳገቱ ሥር ነው። ተመልሶ እየሮጠ ወረደና እግሩ ሥር ቁጭ አለ።

ባለቤቱ ስልኩን ዘጋ። ውሻውን አየ፣ ከዛ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ አባቷ ጉልበት ወረደ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቷ። "የማነክሰው እኔ ነኝ። ያኔ ዋሽቼዎታለሁ።"

ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ውሻው ይቆያል" አለ ባለቤቱ በመጨረሻ። "እርስዎ ግን ሰኞ ቢሮ ይምጡ፣ እንነጋገራለን።" ፊቱ ቁጣም አይደለም፣ ምሕረትም አይደለም። በሩን ወጥቶ ሄደ።

ልጅቷ ጣሳውን ከፈተች። የጠዋቱን አንድ አወጣች። አባቷ ሰርቆ አያት።

"እንዳታስበው! አንተ ዛሬውኑ የሰው ሐኪም ጋ ነው የምትሄደው።"

ሻምበል ሳያላምጥ ክኒኑን ዋጠ። አባቷም ምራቁን።